ወንጂ፦ የአዋሽ ዳሩ የስኳር ሰፈር ታሪክና ጥበቃ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ከሸንኮራ አገዳ ማሳዎች መካከል ይገባል። ወንጂ እዚያ ነው። ተወልጄ ያደግሁት በዚሁ ሰፈር ነው፤ አሁን የምኖረው ደግሞ አዳማ ነው። ስለ ትውልድ ሰፈራቸው ማወቅ የሚፈልጉ ወጣቶች፣ ከውጭ አገር ለእረፍት የሚመጡ የወንጂ ልጆች፣ አሮጌ ቤታቸውን ለማደስ ያሰቡ ጎረቤቶች በየጊዜው የሚጠይቁኝ ነገር በአብዛኛው ተመሳሳይ በመሆኑ መልሶቹን በአንድ ላይ ጽፌ ማስቀመጡ የተሻለ መስሎ ታይቶኛል።

ወንጂ የአዳማ ሰፈር ነው ወይስ ራሱን የቻለ ከተማ? «የወንዝ ዳር ሰፈር» የሚባለውስ ለምንድን ነው?

አዋሽ አዳማ ከተማን አቋርጦ አያልፍም። የአዳማ ሰው ወንዙን ማየት ሲፈልግ ወይ ወደ ወንጂ፣ ወይ ወደ መልካሳና ሶደሬ መውረድ አለበት። ወንጂ ከባሕር ጠለል በላይ 1,540 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ወንዙን ተጠግቶ የተቆረቆረ ሲሆን፣ ገበያውም ትምህርቱም ሕክምናውም ከአዳማ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ብዙዎቻችን እንደ አንድ የከተማዋ ሰፈር እንቆጥረዋለን።

አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ይነሣና 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። በዚህ ረጅም መንገድ ላይ ወንዙን ለዘመናዊ የመስኖ እርሻ በሰፊው ማዋል ቀድሞ ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ ወንጂ ነው። ውኃው ከወንዙ በፓምፕ ተስቦ በካናል ወደ ማሳው ይገባል፤ አገዳው በዚያ ይበቅላል፤ ፋብሪካው በአገዳው ይኖራል፤ ሰፈሩም የተመሠረተው ለፋብሪካው ነው። ስለዚህ «የወንዝ ዳር» የሚለው ስያሜ የቦታውን አቀማመጥ ብቻ የሚናገር አይደለም። ወንዙ ባይኖር ኖሮ ከቤቶቹ አንዱም እዚያ ባልተሠራ ነበር።

ከፋብሪካው በፊት በሜዳው ላይ ማን ይኖር ነበር?

የወንጂ ታሪክ በ1946 ዓ.ም. እንደ ተጀመረ አድርጎ መናገር የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሊታረምም ይገባዋል። ሜዳው የጅሌ ኦሮሞ ከብት አርቢዎች የግጦሽና የውኃ ቦታ ነበር። በክረምት አዋሽ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው አርቢዎቹ ወደ ከፍታው ይሸሻሉ፤ ውኃው ሲጎድል ደግሞ ጎርፉ ወደ ተወው ለም ሣር ይመለሳሉ። በኦሮምኛ «መልካ» የሚባለው የወንዝ መሻገሪያና ዳርቻ የከብት ማጠጫ ብቻ ሳይሆን የምስጋናና የጸሎት ቦታም ነው፤ ከክረምት በኋላ በወንዝ ዳር የሚከበረው ኢሬቻ መልካ ለዚህ ምስክር ነው።

መሬቱ ለስኳር እርሻ ሲሰጥ እነዚህ ሰዎች ከግጦሻቸውና ከውኃቸው ተገፍተዋል። በኋላ በመተሐራ የስኳር እርሻ ሲስፋፋ በከረዩ ኦሮሞዎች ላይ የደረሰውም ተመሳሳይ ነው። ስለ ወንጂ ቅርስ ስንናገር ፋብሪካውን የሠሩትን የሆላንዶቹን ቤት ውበት ብቻ አንሥተን የጅሌዎቹን ስም ብንዘልል የምንጠብቀው ግማሽ ታሪክ ይሆናል። በእኔ እምነት ወንጂ ውስጥ አንድ የመታሰቢያ ጽሑፍ የሚቆም ከሆነ የመጀመሪያው መስመር ስለ እነርሱ መሆን አለበት።

ፋብሪካውን ማን ሠራው? መቼ?

የሠራው ኤች.ቪ.ኤ. በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የአምስተርዳም የንግድ ኩባንያ ነው። ኩባንያው በዚያን ጊዜ የሆላንድ ቅኝ ግዛት በነበረችው በኢንዶኔዥያ የስኳርና የሌሎች ሰብሎች ሰፋፊ እርሻዎች ነበሩት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኢንዶኔዥያ ነፃነቷን ስታውጅ የኩባንያው ይዞታ አስተማማኝ ስላልሆነ ሌላ አገር መፈለግ ጀመረ። በ1943 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋውሎ በወንጂ 5,000 ሔክታር መሬት ተረከበ፤ ፋብሪካውም በመጋቢት 1946 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተመርቆ ሥራ ጀመረ። ሁለተኛው ፋብሪካ፣ ሸዋ የተባለው፣ በ1955 ዓ.ም. ተከተለ። «ወንጂ ሸዋ» የሚለው ጥንድ ስም የመጣው ከዚህ ነው። በ1967 ዓ.ም. ሁለቱም በደርግ መንግሥት ተወረሱ።

በልጅነታችን በየሱቁ የምናየው ደስታ ከረሜላም እዚሁ ይመረት ነበር። ይህን የማያውቅ የአዳማ ልጅ ሳገኝ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ሰፈሮቹ የተሠሩት በምን ዓይነት እቅድ ነው? ከሌላው የአገራችን ከተማ የሚለያቸውስ ምንድን ነው?

አብዛኛዎቹ ከተሞቻችን በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ፣ በባቡር ጣቢያ ወይም በጦር ሰፈር ዙሪያ ቀስ በቀስ ያደጉ ናቸው። አዳማ ራሷ ያደገችው ከባቡሩ ጋር ነው። ወንጂ ግን አንድ ኩባንያ መጀመሪያ በወረቀት ላይ ነድፎ ከዚያ በኋላ በመሬት ላይ የዘረጋው ሰፈር ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ በረድፍ የተተከለ፣ ቤቱ በሥራ ደረጃ የተመደበ። የኃላፊዎቹ ቤት ሰፊ ግቢ፣ ጥላ የሚሰጥ ዛፍና በረንዳ አለው። የመካከለኛው ሠራተኛ ቤት ያነሰ ነው። የቀን ሠራተኛውና አገዳ ቆራጩ የሚኖርባቸው ካምፖች ደግሞ በማሳዎቹ መካከል ተበትነው፣ ጣራቸው ቆርቆሮ የሆነ፣ ግድግዳ የሚጋሩ ተከታታይ ክፍሎች ናቸው። አንድ ሰው ከካምፕ ተነሥቶ በእግሩ እስከ ኃላፊዎቹ ሰፈር ቢሄድ የደመወዝ መዝገቡን ገጽ በገጽ እንደ ማንበብ ነው።

ይህ መለያየት ደስ የሚያሰኝ ታሪክ አይደለም። ነገር ግን ሊጠበቅ የሚገባው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ብዙ ጊዜ «የሚያምሩትን ቤቶች እንጠብቅ፤ ካምፖቹ ይፍረሱ» የሚል ሐሳብ ይሰነዘራል። በዚህ አልስማማም። ስኳሩን ያመረተው ሕዝብ በብዛት የኖረው በካምፖቹ ውስጥ ነው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው እንዳደረ፣ የጋራው ቧንቧ የት እንደ ነበረ፣ ሴቶቹ ማብሰያቸውን የት እንዳስቀመጡ የሚነግረን ቤቱ ራሱ እንጂ ሰነድ አይደለም። ሰነዱ የተጻፈው በኩባንያው ቢሮ ነውና የካምፑን ማጀት አያውቅም። ሰው እንደ ጥንቱ ተጨናንቆ ይኑር ማለቴ ግን አይደለም። ከካምፖቹ መካከል ቢያንስ አንዱ እንደ ነበረ እንዲቆም፣ ሌሎቹ ደግሞ የረድፍ አቀማመጣቸው ሳይጠፋ ክፍሎቻቸው እየተጣመሩ እንዲሰፉ ማድረግ ይቻላል።

የወንጂ ሕዝብ ከየት መጣ?

ከብዙ ቦታ። ለአገዳ ቆረጣ በየዓመቱ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ በርካታ ወጣቶች ይመጡ ነበር። አንዳንዱ ወቅቱ ሲያልቅ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ አንዳንዱ ሚስት አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ ይቀራል። ከአርሲና ከሸዋ የመጡ ኦሮሞዎች፣ አማሮች፣ ጉራጌዎች፣ ሌሎችም ተጨምረዋል። እኔ ባደግሁበት ረድፍ በአንድ ጠዋት አራት ቋንቋ መስማት የተለመደ ነበር፤ ለቡና ስንጠራራ ግን ሁላችንም በምንግባባበት ነበር የምንጠራራው።

ከዚህ የተቀላቀለ ሕዝብ የወጣ አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እርሱም የሠራተኞች ማኅበር ነው። የወንጂ ሠራተኞች በአገራችን ቀድመው ተደራጅተው ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ጥያቄ ካነሡት መካከል ሲሆኑ፣ በ1955 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአገር አቀፍ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት የወንጂ ማኅበር ጉልህ ድርሻ ነበረው። ይህ ታሪክ በየሰፈሩ የሚያስታውሰው ምልክት ያስፈልገዋል፤ ሰዎቹ የተሰበሰቡባቸው ቦታዎች የቱ የቱ እንደ ሆኑ የሚያውቁ አዛውንቶች ገና በሕይወት ሳሉ ምልክቱ ቢቆም ይሻላል።

አዋሽ ለሰፈሩ በረከት ነው ወይስ ስጋት?

ሁለቱንም ነው፤ ሰፈሩን ለመጠበቅ የሚያስብ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ ሊረዳው የሚገባው ነገርም ይኸው ይመስለኛል። ከወንጂ ቀጥሎ ወደ ላይ የሚገኘው የቆቃ ግድብ በጦርነት ካሣ ከኢጣልያ በተገኘ ገንዘብ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። ግድቡ 43 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ ከማመንጨቱ ባሻገር የወንዙን ፍሰት ስላስተካከለ በበጋም ለመስኖ የሚሆን ውኃ እንዲኖር አስችሏል። ከወንጂ በታች ደግሞ አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት የተባሉት የኃይል ማመንጫዎች ተከታትለው ተሠርተዋል። ስለዚህ ይህ የወንዝ ዳር በሙሉ፣ ከቆቃ እስከ መልካሳ፣ የአገራችን ዘመናዊ የውኃ አጠቃቀም ቀድሞ የተስፋፋበት አንድ ተያያዥ ስፍራ ሆኖ ሊታይ ይገባዋል።

ነገር ግን አዋሽ ከደጋው ብዙ ደለል ያወርዳል። ደለሉ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት የቆቃን ማጠራቀሚያ በእጅጉ ስላጠበበው ክረምቱ ሲጠነክር ግድቡ የሚይዘው ውኃ ያንሳል፤ የሚለቀቀው ውኃ ደግሞ ወደ ወንጂ ሜዳ ይመጣል። ሜዳውን ከጎርፍ የሚከላከለው በወንዙ ዳር የተሠራው የአፈር መከላከያ ግድብ ነው። ሰዎች ስለ ቅርስ ሲያስቡ ይህን የአፈር ክምር አይቆጥሩትም። እኔ ግን ከቤቶቹ ሁሉ አስቀድሜ የምቆጥረው እርሱን ነው፤ ራሱም ታሪክ ነው፣ የቀረውንም ታሪክ በሕይወት የሚያቆየው እርሱ ነው። ከብት እንዳይረግጠው፣ አፈሩ ለግንባታ እንዳይወሰድ፣ የዛፍ ሥር እንዳይሰነጥቀው መጠበቅ የጥበቃው ሥራ አንድ ክፍል ነው።

በዚህ ላይ እምቦጭ አለ። ይህ መጤ አረም በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ላይ ነው፤ ጣና ላይ ከመሰማቱ ብዙ ቀደም ብሎ ማለት ነው። አረሙ ካናል ሲዘጋ ውኃው ወደማይገባው ቦታ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የቤቶች መሠረት ይርሳል።

የወንጂ የጉድጓድ ውኃ ያመጣው የጥርስና የአጥንት ችግር ከታሪኩ ጋር አብሮ መነሣት አለበት?

አዎን፣ ሳይሸፋፈን መነሣት አለበት። በስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራዊ አለቶች ውስጥ የሚያልፍ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ ያበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በወንጂ ከተቆፈሩት ጉድጓዶች በአንዳንዶቹ ከ10 ሚሊ ግራም በላይ ተለክቷል። መጠኑ ሲበዛ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ ለዓመታት ሲጠራቀም ደግሞ አከርካሪንና መገጣጠሚያን ያደርቃል። ወንጂ በዚህ ረገድ በሕክምና ጥናት በዓለም ከሚታወቁት ቦታዎች አንዱ ሆኗል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ፍሎራይዱን ለመቀነስ በአሉሚና የሚሠሩ ማጣሪያዎች ተተክለዋል። የወንዙ ውኃ የፍሎራይድ መጠኑ ከጉድጓዶቹ ያነሰ ስለሆነም ተጣርቶ ለመጠጥ እንዲውል ተደርጓል።

የማጣሪያዎቹ ቦታና ቅሪታቸው ካለ መመዝገብ አለበት። ጎንበስ ብለው የሚሄዱትን የሰፈራችንን አዛውንቶች ሕመም የሚያስረዳ ሌላ ሐውልት የለንም።

አሮጌዎቹ ፋብሪካዎች ለምን ተዘጉ?

በእርጅና ምክንያት ነው። ወንጂ በ2003 ዓ.ም.፣ ሸዋ ደግሞ በ2005 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ። በምትካቸው በቀን 6,250 ቶን አገዳ የመፍጨት አቅም ያለው አዲስ ፋብሪካ በዚያው አካባቢ ሥራ ጀምሯል። ስለዚህ አገዳው አሁንም ይበቅላል፤ ወንጂ የሞተ ሰፈር አይደለም።

ሰባ ዓመት የሆነው ነገር ቅርስ ሊባል ይችላል? ቅርስ ማለት አክሱምና ላሊበላ አይደለም እንዴ?

ይህ ጥያቄ ከሁሉ በላይ የሚደጋገም ነው፤ የጠያቂውንም ስሜት እረዳለሁ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የጥንታዊ ቅርሶች አዋጅ ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠሩትን ነበር የሚመለከተው። በዚያ ሕግ መሠረት ወንጂ ቅርስ ለመባል መንገድ አልነበረውም። አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግን እንዲህ ያለ የዘመን ገደብ አላስቀመጠም። ቅርስን የሚተረጕመው የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት የሆነ፣ በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በባህል ወይም በኪነ ጥበብ ይዘቱ ከፍተኛ ዋጋ ያለው ግዙፍም ሆነ ግዙፍነት የሌለው ነገር አድርጎ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ ኃላፊነት በመንግሥት ላይ ጥሏል። በሕግ በኩል በሩ ክፍት ነው ማለት ነው።

በሌላው ዓለምም የፋብሪካ ሰፈር ቅርስ ሆኖ መመዝገቡ አዲስ ነገር አይደለም። በሰሜን ኢጣልያ በአዳ ወንዝ ዳር ያለው ክሬስፒ ዳዳ የጥጥ ፋብሪካ ባለቤቶች ለሠራተኞቻቸው የሠሩት መንደር ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1995 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በስኮትላንድ በክላይድ ወንዝ ዳር ያለው ኒው ላናርክም እ.ኤ.አ. በ2001 ተመዝግቧል። ሁለቱም እንደ ወንጂ ወንዝ፣ ፋብሪካና የሠራተኛ ቤት በአንድ እጅ የተነደፉባቸው ቦታዎች ናቸው። ከቅርባችን ደግሞ አሥመራ፣ አብዛኛው የታወቀው ሕንፃዋ ከመቶ ዓመት ያልበለጠ ሆኖ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለም ቅርስ ሆናለች። ከዚሁ ከአዋሽ ላይ እንኳ መልካ ቁንጥሬ እ.ኤ.አ. በ2024 ተመዝግቧል፤ እርግጥ እርሱ የሚነግረን ስለ ድንጋይ ዘመን ሰው ነው። አንድ ወንዝ የድንጋይ መሣሪያ ሠሪውንም አገዳ ቆራጩንም ታሪክ ይዞ መገኘቱ ለእኔ የሚደንቅ ነገር ነው።

ወንጂ ነገ ጠዋት የዓለም ቅርስ ይሁን አልልም። የመጀመሪያው ደረጃ በወረዳና በክልል ደረጃ ቆጠራና ምዝገባ ነው፤ ጥያቄውም በአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በኩል ይቀርባል።

የምኖርበት አሮጌ ቤት እየተሰነጣጠቀ ነው። ታሪካዊነቱን ሳላጠፋ እንዴት ላድሰው?

በቅድሚያ ቤቱ የማን እንደ ሆነ ያረጋግጡ። ብዙዎቹ ቤቶች የድርጅት ናቸውና ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ግድግዳ መንካት አይቻልም። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ በአዋጁ መሠረት ማንኛውም የጥገና ሥራ የቅርስ ባለሥልጣኑን ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃል።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ በወንጂ ቤትን የሚጎዳው በአብዛኛው ከላይ የሚወርደው ሳይሆን ከታች የሚወጣው ውኃ ነው። ሜዳው ለብዙ ዓመታት በመስኖ ስለ ጠጣ የከርሰ ምድር ውኃው ወደ ገጽ ቀርቧል፤ ውኃው ጨው ይዞ በመሠረቱ በኩል ወደ ግድግዳው ይሳባል፤ ሲደርቅ ጨው ነጭ ሆኖ ይቀርና ልስኑን ይገፋዋል። ይህን ያየ ሰው ሁሉ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፤ የተላጠውን ቦታ በሲሚንቶ ጥቅጥቅ አድርጎ ይለስነዋል። ለአንድ ዓመት ያምራል። ከዚያ በኋላ በሲሚንቶው የታፈነው እርጥበት ከፍ ብሎ ይወጣና ቀድሞ ያልተነካውን ግድግዳ ይበላዋል። በሲሚንቶ ፋንታ ግድግዳው እንዲተነፍስ የሚያደርገውን ኖራ መጠቀም፣ ከግድግዳው ጋር የተከመረውን አፈር መጥረግ፣ የጣራውን አሸንዳ መጠገንና ውኃው ከመሠረቱ ርቆ የሚሄድበትን ቦይ መቆፈር ይሻላል።

ሁለተኛው ችግር አፈሩ ነው። መረሬ የሚባለው ጥቁር ሸክላማ አፈር ሲርስ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሸሻል። በመስኮት ማዕዘን ላይ የሚጀምር ሰያፍ ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው የቤቱ አንድ ጎን ረጥቦ ሌላው ሲደርቅ ነው። ስለዚህ የአትክልት ውኃ በአንድ በኩል ግድግዳ ሥር እንዳይቋጠር ማድረግ ስንጥቁን ከመሙላት ይቀድማል። ስንጥቁ ጣት የሚያስገባ ከሆነ ወይም በየወሩ የሚሰፋ ከሆነ ግን መሐንዲስ ሳያየው ምንም አይነካ።

በሩንና መስኮቱን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ የሚጠገን ከሆነ አይጣል። የድሮው እንጨት ዛሬ በገበያ ከሚገኘው ይሻላል። ዛፉንም በቸልታ አይቁረጡት፤ የረድፍ ዛፎቹ ከቤቶቹ እኩል የእቅዱ አካል ናቸው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቤቱን ከአራቱም ማዕዘን ፎቶ አንሥቶ፣ ክፍሎቹን ለክቶ በወረቀት ማስቀመጥ ግን ሁሉም ሊያደርገው የሚችለውና ማንም የማያደርገው ነገር ነው።

የፋብሪካ ሕንፃን ማፍረስ ወይም ማደስ ከመኖሪያ ቤት የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዚያ ዘመን በዓለም ዙሪያ በተሠሩ ፋብሪካዎች የእንፋሎት ማሞቂያና ቧንቧ ብዙ ጊዜ በአስቤስቶስ ይሸፈን ነበር፤ አቧራው ሳንባን ይጎዳልና ሳይመረመር በመዶሻ መምታት አደገኛ ነው።

አካባቢው የመሬት መንቀጥቀጥ ያሰጋዋል?

የመሬት ተመራማሪዎች በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ የተዘረጋውን ንቁ የስንጥቅ መስመር «የወንጂ የስንጥቅ መቀነት» ብለው በዚሁ ሰፈር ስም ጠርተውታል። ይህ ለመልሱ በቂ ነው። ግድግዳና ጣራን በሚገባ ማያያዝ፣ በአሮጌ ግድግዳ ላይ ከባድ ኮንክሪት አለመጫን፣ ያረጀ የጢስ ማውጫ ካለ በባለሙያ ማስመርመር የእድሳቱ አካል መሆን አለበት።

ጥበቃው የሰፈሩን ልማት አያግደውም?

ይህን የሚጠይቁኝ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ወጣቶች ናቸው፤ ሥራና ሰፊ ቤት ይፈልጋሉ፤ ልክ ናቸው። እኔም ልጆቻችሁን በአንድ ክፍል አሳድጉ አልላቸውም። ነገር ግን አዳማ ውስጥ አንድ ጊዜ ያየሁት ነገር አለ፤ ከባቡሩ ዘመን የቀረ ጥሩ የድንጋይ ቤት በሁለት ቀን ፈርሶ ቦታው ለዓመታት ባዶውን ተቀመጠ። አፍራሹ ሥልጣን ነበረው፤ እቅድ ግን አልነበረውም። ልማትን የሚያግደው እንዲህ ያለው ነገር ነው። በወንጂ ከፍ ያለ ሕንፃ የሚሠራበት ቦታ ሳይጠፋ የረድፍ ቤቶቹን፣ ዋናውን መንገድና የካናሉን መስመር ማቆየት ይቻላል፤ ለዚህም በቅድሚያ የትኛው ቤት፣ በምን ዓመት፣ ለማን እንደ ተሠራ የሚያሳይ ካርታ ያስፈልጋል። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በቅርብ ስላለ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ይህን የልኬት ሥራ ለትምህርታቸው ቢወስዱት ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል።

አባቴ በፋብሪካው ሠርተው ጡረታ ወጡ። የድሮ ፎቶና ወረቀት አለን። ምን እናድርግበት?

እባክዎ አይጣሉት። የቅጥር ደብዳቤ፣ የሠራተኛ መታወቂያ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የቡድን ፎቶ፣ የሕክምና ካርድ፣ የማኅበሩ የአባልነት ደብተር፤ እነዚህ ሁሉ ከቢሮ መዝገብ የማይገኝ ነገር ይነግሩናል። የኩባንያው የራሱ ሰነድ ክፍል በሔግ በሚገኘው የኔዘርላንድ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል፤ ያ የአለቆቹ ታሪክ ነው። የሠራተኛው ታሪክ ያለው በእናንተ ሣጥን ውስጥ ነው።

ወረቀቱን በፕላስቲክ አያሽጉት፤ የወንጂ ሙቀትና እርጥበት ተጋግዞ ያሻግተዋል። በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለው ከምድር ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት። በስልክ በቀን ብርሃን ፎቶ ያንሡት፤ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍም አይርሱ። በፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ስም ከግራ ወደ ቀኝ በሌላ ወረቀት ይጻፉ፤ በፎቶው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ አይጻፉ። ዋናውን ለመስጠት ከፈለጉ አዲስ አበባ ያለው ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) እንዲህ ያሉ ሰነዶችን ይቀበላል፤ ካልፈለጉ ግን ቅጂውን ለአካባቢው ቤተ መጻሕፍት መስጠት ይበቃል።

አባትዎ በሕይወት ካሉ ከወረቀቱ በፊት እርሳቸውን ያስቀድሙ። ፈቃዳቸውን ጠይቀው፣ ጠዋት ሳይደክማቸው፣ ቡና ተፈልቶ ሳለ ድምፃቸውን ይቅረጹ። «ታሪክዎን ይንገሩኝ» ቢሏቸው «ምን ታሪክ አለኝ» ይሉዎታል። ይልቅ የፋብሪካው ጡሩምባ በስንት ሰዓት ይነፋ እንደ ነበር፣ አገዳው ሊቆረጥ ሲል በእሳት ሲለቀቅ ጥላሸቱ በተሰጣው ልብስ ላይ እንዴት ይወርድ እንደ ነበር፣ በክረምት ፋብሪካው ለጥገና ሲቆም ቤቱ በምን ይተዳደር እንደ ነበር፣ አዋሽ የሞላበትን ሌሊት ማን መጥቶ እንደ ቀሰቀሳቸው ይጠይቋቸው።